ሮቶ ውስጥ የሚነከር የአልትራሳውንድ መሣሪያ የጉድጓድ ውሃን ከጀርም ያጸዳል?

የለገጣፎ ነዋሪ፦
ጤና ይስጥልኝ። በሰፈራችን የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ፣ በቦቴ የሚመጣ የጉድጓድ ውሃ እየገዛን 2,000 ሊትር በሚይዝ ሮቶ እናጠራቅማለን። ሰሞኑን አንድ ነጋዴ ሮቶው ውስጥ ተነክሮ በድምፅ ሞገድ ጀርም ይገድላል የሚለውን ባለ 50 ዋት መሣሪያ አቅርቦልናል፤ ክሎሪንም ሆነ ማፍላት አያስፈልግም ባይ ነው። ቤታችን ሕፃን ስላለ ሳንጠይቅ መግዛት አልፈለግንም።

የውሃ ላብራቶሪ፦
መርሁ እውነት ነው። በሰከንድ ከ20,000 ጊዜ በላይ የሚርገበገብ ኃይለኛ ድምፅ ውሃ ውስጥ ሲገባ ጥቃቅን አረፋዎች ይፈጠሩና ወደ ውስጥ ይደረመሳሉ፤ በዚያች ቅጽበት፣ በዚያች ነጥብ ላይ ሙቀቱ በሺዎች የሚቆጠር ዲግሪ ይደርሳል፣ ግፊቱም እጅግ ይንራል፤ የባክቴሪያውን ሽፋን የሚቀድደውም ይኸው ነው። ላብራቶሪ ውስጥ ዕቃ በምናጥብበት የአልትራሳውንድ ገንዳ ቁራጭ የአልሙኒየም ፎይል ብንነክር ብዙም ሳይቆይ እንደ ወንፊት ተበሳስቶ ይወጣል። ይሁን እንጂ ያ ገንዳ የሚይዘው ጥቂት ሊትር ነው። የእርስዎ 50 ዋት ለ2,000 ሊትር ሲካፈል ለአንድ ሊትር የሚደርሰው 0.025 ዋት ስለሆነ፣ አረፋ ቢፈጠር እንኳ ከመሣሪያው አጠገብ አያልፍም። አልትራሳውንድ ብቻውን ብዙ ኃይል ስለሚፈጅ፣ ተመራማሪዎች በአብዛኛው የሚያስቡት የተጣበቁ ጀርሞችን በትኖ ለክሎሪን ወይም ለአልትራቫዮሌት ብርሃን እንዲያመቻች ነው።

የሰንዳፋ ጎረቤት፦
እኔ ደግሞ የምጨምረው፣ መሣሪያው ሲጠፋ ውሃው ውስጥ የሚቀር መከላከያ አለመኖሩን ነው። የሮቶውን ግድግዳ በእጅዎ ቢዳስሱት የሚያሟልጭ ነገር ያገኛሉ፤ ጀርሙ ከዚያው እንደገና ይራባል። ለመጠጥ የሚሆነውን በጄሪካን ለይተው፣ ድፍርስ ከሆነ አጥልለው፣ ውሃ አጋር የተባለውን የክሎሪን ማከሚያ በመመሪያው መሠረት ጨምረው 30 ደቂቃ ያቆዩት። ለሕፃኑ ግን ያፍሉለት፤ በእኛ ከፍታ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ቢፈላም፣ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ መቆየቱ ይበቃል።

የለገጣፎ ነዋሪ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ነጋዴው ግን በውጭ አገር ግድቦች ላይ ይሠራበታል ብሎ ፎቶ አሳይቶናል።

የውሃ ላብራቶሪ፦
እሱ አልጌን ለመቆጣጠር የሚውል ነው። አነስተኛ ኃይል ያለው ሞገድ አንዳንዶቹን እንዲንሳፈፉ የሚያደርጋቸውን የጋዝ ከረጢት በማወክ ወደ ታች ያሰጥማቸዋል እንጂ ውሃውን ለመጠጥ አያበቃም። ነጋዴው ከልቡ ከሆነ፣ መሣሪያው በሞላ ሮቶ ላይ ከሠራ በኋላ ናሙና ተወስዶ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ኢ. ኮላይ (ውሃው በሰገራ መበከሉን የሚጠቁም ባክቴሪያ) አለመገኘቱን የሚያሳይ የምርመራ ውጤት ያምጣ።