ስንት ልጅ እንውለድ? መንግሥትስ ምን አገባው?

አስተናጋጅ፦ ሰላም ድሬዎች። የዚህ ሳምንት ክርክራችን ከሠርግ ቤት የመጣ ነው። ሽማግሌው እንደ ወጉ «ውለዱ፣ ክበዱ» ብለው መረቁ። ከኋላዬ የተቀመጠ ጎረምሳ «በስንት ብር ኪራይ?» አለ። ሳቅን፤ ግን ነገሩ አልወጣልኝም። እዚህ አገር ከ30 ዓመት በላይ «መጥናችሁ ውለዱ» ስንባል ኖረናል። ቻይና ደግሞ ትናንት ስትከለክል የነበረችውን ዛሬ «ኧረ እባካችሁ ውለዱ» እያለች ብር ትሰጣለች። መንግሥት በዚህ ይግባ ወይስ አይግባ? ስድብ የለም። ሃይማኖት ማንሳት ይቻላል፣ በሃይማኖት መነካካት ግን አይቻልም።

የመጋላው ነጋዴ፦ አይግባ! አለቀ። አቦ፣ መኝታ ቤቴ ድረስ ምን ያስገባዋል? ስድስት ወልጃለሁ። ሁሉም ሪዝቁን ይዞ ነው የመጣው። ከስድስተኛዋ በኋላ አላህ በቃ አለ፣ ቆመ። ማንንም ፖሊሲ አላማከርኩም።

መምህሩ (ሳቢያን)፦ እርስዎ ባያማክሩትም የሥነ ሕዝብ ፖሊሲው አገሩን ቀይሮታል። በ1985 ዓ.ም. ሲወጣ አንዲት ኢትዮጵያዊት በዕድሜዋ በአማካይ 7.7 ልጅ ትወልዳለች ተብሎ ነበር የተሰላው። ዕቅዱ በፈረንጆቹ 2015 ወደ 4 ማውረድ ነበር። በ2016 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት 4.6 አገኘ። ዒላማውን ሳተ፣ ግን ምን ያህል እንደወረደ እዩት። ለዚያውም በፖሊስ አይደለም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በየቤቱ በእግሯ እየዞረች ነው።

የመጋላው ነጋዴ፦ «እርስዎ» ያለኝ ማነው? ከአዲስ አበባ የመጣ መሆን አለበት። ድሬ ውስጥ አንተ በለኝ ወንድሜ፣ ሳላረጅ አታስረጀኝ።

መምህሩ፦ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ገና አለመድኩትም። እሺ፣ አንተ።

ተከራዩ (ኮኔል)፦ እኔም ያንን ጥናት አይቼዋለሁ። አማካዩን ተዉትና ከተማ በከተማ እዩት። አዲስ አበባ 1.8። እኛ ድሬ 3.1። ሶማሌ ክልል 7.2። አንድ አገር ነው እንግዲህ! አዲስ አበቤው እናትና አባቱን የሚተካ እንኳ አልወለደም። እዚያ የተለየ ፖሊሲ ነበረ እንዴ? አልነበረም። አከራይ ነበረ። እኔ ሦስት ወር ሙሉ ቤት ስፈልግ ከዋጋው በፊት የምጠየቀው «ልጅ አላችሁ?» ነው። «አንድ» እላለሁ። «ሌላስ ታስባላችሁ?» አሉኝ አንዷ እማማ። እኔ ሳስብ ሚስቴ ቀደመችኝ፤ «አናስብም!» አለች። ሦስት ሆነን ተኝተን የምናድርበትን ክፍል ለማግኘት ያልተወለደ ልጄን ሸጥኩት ማለት ነው። ሚኒስቴሩ በ30 ዓመት ያልቻለውን አከራይ በአንድ ጥያቄ ይጨርሰዋል።

ጀጎል (ከሐረር)፦ እኔ ከሌላ በኩል ልምጣ። በዚያ ጥናት ሐረሪ ክልል 4.1 ነበር፣ ያ ግን የክልሉ ነዋሪ ሁሉ ነው እንጂ የብሔረሰቡ ብቻ አይደለም። እኛ ጥቂት ነን። «መጥኑ» የሚለው ቃል ለሚሊዮኖች ተብሎ ይነገርና ለጥቂቱም እኩል ይደርሳል። አያቴ በሬዲዮ በሰማችው ቁጥር «እኛን ነው የሚሉት?» ትል ነበር። አትሳቁ፣ ስጋቱ እውነተኛ ነው። ድሮ ደግሞ ልጅን የሚያሳድገው ግቢው በሙሉ ነበር። በአንድ በር የሚገባ ሦስት አራት ቤተሰብ፤ የማን ልጅ የት እንደበላ አይታወቅም። አሁን ልጁ ወደ ውጭ ሄዷል፣ ግቢው ባዶ ነው።

መምህሩ፦ ታዲያ አንተ መንግሥት «ውለዱ» ይበለን ነው የምትለው?

ጀጎል፦ አላልኩም። ዝም ይበለን ነው የምለው።

መምህሩ፦ «ውለዱ» የሚለውማ የከፋ ነው። ሮማኒያ ውስጥ መሪው ቻውሼስኩ በፈረንጆቹ 1966 ፅንስ ማቋረጥን ከለከለ። በዓመቱ የወሊዱ መጠን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ከዚያስ? ሴቶቹ ስውር መንገድ አገኙ፣ ቁጥሩ እንደገና ወረደ። በዚያ ስውር መንገድ ብዙ እናቶች ሞቱ፣ ማሳደጊያዎቹ በተጣሉ ሕፃናት ሞሉ። ሕጉ የተሻረው በ1989 እሱ ሲወድቅ ነው። ቻይናም አንድ ልጅ ብቻ ብላ 35 ዓመት ያህል ቆየች። በ2021 ሦስት ፈቀደች። አሁን ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ በዓመት 3,600 ዩዋን ትሰጣለች። ሰዉ ግን እንደ ድሮው አልወለደም። ደቡብ ኮሪያ ብዙ ገንዘብ አፍስሳ በ2023 የደረሰችው በአንዲት ሴት 0.72 ልጅ ላይ ነው።

የመጋላው ነጋዴ፦ አየህ! አስገድደው አልቻሉም፣ ከፍለው አልቻሉም። እኔን ደግሞ ጠይቁኝ፣ ለምን ስድስት ወለድክ ብላችሁ። የመንግሥት ሠራተኛው ጡረታ አለው። የድርጅት ተቀጣሪውም ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ አግኝቷል። እኔ ሱቅ ውስጥ 30 ዓመት ቆሜ ማን ጡረታ ያወጣልኛል? ጡረታዬ ልጆቼ ናቸው። አንዱ ጅቡቲ ነው፣ ይልክልኛል። ሁለት ብወልድና ሁለቱም ባይሆኑልኝስ? መጀመሪያ ጡረታ ስጡኝ፣ ከዚያ ስለ መመጠን አውሩኝ።

ተከራዩ፦ ይሄስ ውሃ ያነሳል።

የፋብሪካዋ፦ ወንዶች፣ ጨረሳችሁ? የወለድኩት እኔ ነኝ። በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ፣ 1156/2011 የሚሉት፣ ከወሊድ በፊት 30 ቀን ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ደመወዝ ያለው ፈቃድ አለ። ለአባት ሦስት ቀን! በሦስት ቀን ውስጥ አራሷን ጠይቆ ገንፎዋን በልቶ ይሄዳል። እኔ 90 ቀኔን ጨርሼ ስመለስ ቦታዬ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጣለች። «ሌላ ክፍል እንፈልግልሻለን» ተባልኩ። የተፈለገልኝ የማታ ሺፍት ነው። የሦስት ወር ልጅ ማን ጋ ጥዬ? ስለዚህ መንግሥት ይግባ! ግን መኝታ ቤቴ አይደለም፣ ፋብሪካው ግቢ ይግባ። የሕፃናት ማቆያ ያስከፍት።

ነርሷ፦ እህቴ ጥሩ ብላለች። እኔም የማየውን ልበል። «መንግሥት አይግባ» የሚለው ብዙ ጊዜ ወንድ ነው። እኛ ጋ የሚመጡት ሴቶች ናቸው። ማንም አልጠራቸውም። በዚያው በ2016ቱ ጥናት ካገቡት ሴቶች 22 በመቶ ማራራቅ ወይም ማቆም እየፈለጉ መከላከያ አይጠቀሙም ነበር። አንዳንዷ መርፌዋን ለመወጋት ስትመጣ «ገበያ ነኝ» ብላ ነው። ክንድ ላይ የሚቀበረውን ብዙዎቹ አይፈልጉትም፣ ባል በእጁ ሲዳስስ ያገኘዋላ። ካርዱን ደግሞ ቤት አይወስዱትም። ጎረቤት ያስቀምጡታል። በየሦስት ወሩ ጎረቤት ሻይ ሊጠጡ ይሄዳሉ፣ ከዚያ እኛ ጋ። ባልየው ግን ለጓደኞቹ «አላህ በቃ አለ» ይላል። መንግሥት ይውጣ ስትሉ ያንን ክሊኒክ ዝጉ ማለታችሁ እንዳይሆን።

ጀጎል፦ እኔ ዝጉ አላልኩም። ክሊኒኩ ይኑር። ስብከቱ ይቅር።

ተከራዩ፦ የመጋላው ጠፋ እኮ።

አስተናጋጅ፦ ሱቅ ሰው ገብቶበት ይሆናል።

የመጋላው ነጋዴ፦ አለሁ። ነርሷ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የትኛው ጤና ጣቢያ ነው የምትሠሪው?

ነርሷ፦ አልናገርም።

የመጋላው ነጋዴ፦ የመጨረሻዋ ልጄ አምስት ዓመት ሆኗታል። ሚስቴ ደግሞ ጎረቤት ሻይ ትወዳለች።

ነርሷ፦ ሻይ ጥሩ ነው።