የወረዳ የሥነ ምግባር ስልጠና፦ ሠራተኛው «ስለማያውቅ» ነው ጉቦ የሚበላው?

ዳግም ከኮልፌ፦
ሰናይት ትናንት እዚህ የጻፈችው አናድዶኛል። የክፍለ ከተማና የወረዳ ሠራተኛ እጁን የሚዘረጋው «ብዙ ጊዜ የሥነ ምግባር ደንቡን ስለማያውቅ ነው» ብላ፣ ስልጠናው ይብዛ አለች። ሰኞ የካርታ ጉዳዬን ይዤ ክፍለ ከተማ ሄድኩ። በሩ ላይ «በሥነ ምግባር ስልጠና ምክንያት እስከ ረቡዕ አገልግሎት አንሰጥም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ማኅተም አለው። ከጎኑ አሥራ ሁለቱ የሥነ ምግባር መርሆዎች በባነር ተሰቅለዋል፤ ቅንነት፣ ታማኝነት፣ ግልጽነት፣ ተጠያቂነት እያለ ይወርዳል። ባነሩን ፀሐይ አንጥቶታል። ሠራተኛው በየቀኑ በሥሩ ነው የሚገባው፣ በሥሩ ነው የሚወጣው። ፋይሌ ግን «የለም» ከተባለ ከርሟል። ከግቢው ውጪ የቆመው ደላላ ደግሞ የፋይል ቁጥሬን ሳልነግረው ያውቀዋል። ይሄ የእውቀት ችግር ነው?

ሰናይት፦
ዳግም፣ «ብዙ ጊዜ» ነው ያልኩት። ሁሌ አላልኩም። ከደላላ ጋር ተመሳጥሮ ፋይል የሚደብቅ ሰው ወንጀለኛ ነው። ለእሱ የሙስና ወንጀሎች አዋጅ 881/2007 አለለት። እኔ የማወራው ስለ ሌላው ነው። የሥነ ምግባር መከታተያ ክፍል ውስጥ ስለምሠራ በየዓመቱ አዲስ ተቀጣሪ አያለሁ። ልጁ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ በቀጥታ መስኮት ላይ ይቀመጣል። የአጎቱ ልጅ ባለጉዳይ ሆኖ ሲመጣ ከጉዳዩ ራሱን ማግለል እንዳለበት የነገረው የለም። ሥራው ካለቀ በኋላ፣ በፋሲካ ዋዜማ፣ ቤቱ ድረስ በግ ይላክለታል። አልጠየቀም፣ አልተደራደረም። እናቱ ደግሞ «ልጄ ተከበረልኝ» ብላ ትቀበላለች። ይሄ ልጅ በጉን መመለስ እንዳለበት ከየት ይወቅ?

ሚኪ መርካቶ፦
በጉን የላከው ሰውዬስ? ነጋዴ በግ በነፃ አይልክም። እኔም ነጋዴ ነኝ። በጉ የሚላከው ለትናንቱ ሥራ አይደለም፣ ለሚቀጥለው ነው። ልጁም ይህን ያውቃል። አላወቀም ማለት ልጁን መናቅ ነው።

ሰናይት፦
ሚኪ፣ ሰጪውም እንደሚጠየቅ ታውቃለህ አይደል? አዋጁ ተቀባይን ብቻ አይደለም የሚቀጣው።

ሚኪ መርካቶ፦
ሁላችንም እናውቃለን፤ ነገሩም ይኸው ነው። ፈቃዱ ሳይታደስለት ሱቁ የተዘጋበት ሰው ሕጉ አይደለም የጠፋው፣ ጊዜው ነው። ጉቦ የሚወለደው ከማዘግየት ነው። መስኮቱ ላይ «ይህ ጉዳይ በዚህን ያህል ቀን ያልቃል» ብለው ይጻፉ። ቀኑ ሲያልፍ ማን እንደሚጠየቅ ስሙን ከሥሩ ያስቀምጡ። ያኔ በግ የሚነዳ አይኖርም።

ጋሼ ታደለ፦
ልጄ ሚኪ፣ እሱማ ተጽፎ ነበር። የዜጎች ቻርተር ይባላል። ደቂቃው ሳይቀር በሰንጠረዥ ተቀምጦ በየግድግዳው ተለጥፏል። እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ያልሠለጠንኩበት የለም። የመሥሪያ ቤት አሠራር ማሻሻያ የተባለው ሁሉ ተራ በተራ መጣ፤ ቢፒአር መጣ፣ ሠለጠንን። ቢኤስሲ መጣ፣ ሠለጠንን። ካይዘን፣ የለውጥ ሠራዊት፣ አንድ ለአምስት፤ ለሁሉም አዳራሽ ገብተናል። የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን በ1993 ሲቋቋም ያስተምር ነበር፣ ይመረምር ነበር፣ ይከስም ነበር። ያኔ ሰው ይፈራው ነበር። በ2008 ምርመራው ወደ ፖሊስ፣ ክሱ ወደ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሄደ። ለኮሚሽኑ የቀረለት ማስተማር፣ መከላከልና ሀብት መመዝገብ ነው። ሰናይት፣ አንቺ ቅን ልጅ ነሽ። ግን የሚያስተምረው ሌላ፣ የሚከሰው ሌላ ሲሆን ሠልጣኙ ማስታወሻ ደብተሩንና እስክሪብቶውን ይዞ ወደ ቤቱ ነው የሚሄደው።

ሰናይት፦
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ሲከስ በነበረበት ዘመንም ፖለቲካ ገባበት ተብሎ ይታማ ነበር። እርስዎም ያስታውሱታል። መፈራቱ ብቻውን ንጹሕ አላደረገንም።

ጋሼ ታደለ፦
አስታውሳለሁ። ቢሆንም የሚፈራ ነገር ነበር።

ኤልያስ ሎስ አንጀለስ፦
እኔ በሰናይት ወገን ነኝ። እዚህ ካሊፎርኒያ በ2005 (በፈረንጆቹ) በወጣ ሕግ፣ ክፍያ ወይም የወጪ ተመላሽ የሚያገኝ የከተማና የካውንቲ ምክር ቤት አባል ሁሉ በየሁለት ዓመቱ ሁለት ሰዓት የሥነ ምግባር ስልጠና የመውሰድ ግዴታ አለበት። በኢንተርኔት መውሰድ ይቻላል። መስኮት አይዘጋም፣ ሆቴል የለም፣ ውሎ አበል የለም። ማን ወስዷል ማን አልወሰደም የሚለው መዝገብም የሕዝብ ሰነድ ነው፤ እኔ ዛሬ ሄጄ መጠየቅ እችላለሁ። ስልጠናን ሁሉ በአንድ ላይ አታጣጥሉት። ችግሩ አሰጣጡ ነው።

ሕሊና፦
ኤሊ፣ እኔም እዚሁ ከተማ ነው የምኖረው። የቤልን ነገር ለምን ዘለልከው? ከሎስ አንጀለስ አጠገብ ያለች ትንሽ የድሃ ከተማ ነች። ሕጉ ሥራ ላይ ከዋለ ከዓመታት በኋላ፣ በፈረንጆቹ 2010፣ የከተማዋ ሥራ አስኪያጅ ሮበርት ሪዞ በዓመት ወደ 800 ሺሕ ዶላር የሚጠጋ ደሞዝ ለራሱ ሲያስከፍል ተገኘ። የምክር ቤቱ አባላት ደግሞ ለትርፍ ጊዜ ሥራ በዓመት 100 ሺሕ ዶላር አካባቢ ይወስዱ ነበር። ያጋለጣቸው ስልጠና አይደለም፣ ጋዜጠኛ ነው። በፈረንጆቹ 2014 ሪዞ 12 ዓመት ተፈረደበት።

ኤልያስ ሎስ አንጀለስ፦
ጋዜጠኞቹ ሰነዱን ያገኙት ሰነዱ ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ ነው። ከዚያ በኋላም የየከተማው ባለሥልጣን ደሞዝ በክፍለ ሀገሩ ድረ ገጽ ላይ ይወጣል። እኔ ስልጠና ብቻውን ይበቃል አላልኩም።

ዳግም ከኮልፌ፦
አመሰግናለሁ ኤልያስ፣ እኔም የምለው ይህንኑ ነው። የሀብት ማሳወቂያና ማስመዝገቢያ አዋጅ 668/2002 የተመዘገበው መረጃ ለሕዝብ ክፍት ነው ይላል። እዚህ ግሩፕ ውስጥ የክፍለ ከተማውን ሥራ አስፈጻሚ ሀብት አይቶ የሚያውቅ አለ? አንድ ሰው ይናገር። ቤት ተመዝግቧል፣ መኪና ተመዝግቧል፣ ከዚያ ካዝና ውስጥ ገብቶ ተቆልፏል። እኛ ግን ስለ በግ እንከራከራለን።

ሰናይት፦
በጉን ያመጣሁት ለምሳሌ ነው።

ሚኪ መርካቶ፦
ምሳሌው ራሱ ነው ስህተቱ። በኛው 2014 ሐምሌ የአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጣ፣ ወዲያው ተሰረዘ። ዳታው ተነካክቷል ተብሎ ኃላፊዎችና የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ታሰሩ። ከአሥራ ሁለቱ መርህ የትኛው ነው ያልተነገራቸው? ስንት ሰው ከዓመት ዓመት ከልጁ አፍ ነጥቆ ለዚያ ዕጣ ቆጥቧል። እናቴ እዚያ ሰልፍ ውስጥ አለች።

ሰናይት፦
ለእናትህ አዝናለሁ፣ ከልቤ ነው። ግን የእውቀት ክፍተት የለም የሚለውን አልቀበልም። በ2016 የከተማ አስተዳደሩ ለአመራርና ለሠራተኛ የብቃት ፈተና ሲሰጥ ከአመራሩ ከግማሽ በላይ ማለፍ አልቻለም። ይሄ ምንድን ነው ታዲያ?

ዳግም ከኮልፌ፦
እሱ የሥራ ብቃት ፈተና ነው። ሥራውን የማያውቅ ሰው ቦታው ላይ ማን አስቀመጠው ብለሽ ጠይቂ። መልሱ ራሱ የሥነ ምግባር ጉዳይ ነው፤ ግን የአስቀማጩ እንጂ የተቀማጩ ብቻ አይደለም። ስልጠና ሁልጊዜ ወደ ታች ነው የሚሰጠው።

ወለላ፦
ብዙ ጊዜ አንብቤ ዝም ነው የምለው። ዛሬ ግን ልጻፍ። ዳግም በሩ ተዘግቶ ያገኘው ስልጠና ዓይነት ላይ የተቀመጥኩ የወረዳ ሠራተኛ ነኝ። አሥራ ሁለቱን መርህ በቃሌ እወጣዋለሁ። አሠልጣኙ ጥሩ ሰው ነው። «አለቃችሁ ሕገ ወጥ ትእዛዝ ቢሰጣችሁ ምን ታደርጋላችሁ?» ብሎ በቡድን አወያየን። የቡድናችን መልስ «እንቢ እንላለን፣ እናሳውቃለን» ሆነ። ተጨበጨበልን። አሁን እውነተኛውን ልንገራችሁ። ትእዛዙ በጽሑፍ አይመጣም። በስልክ ነው የሚመጣው። «ያቺን ፋይል አስቀድሚያት» ይባላል፣ ስልኩ ይዘጋል። ስም የለ፣ ፊርማ የለ፣ ቀን የለ። እንቢ ካልኩ የወሩ ውጤት አሞላል ላይ ይታያል። ቀጥሎ ባለጉዳይ ወደማይመጣበት ክፍል እዛወራለሁ። ካስቀደምኳት ደግሞ ኦዲት ሲመጣ ያለው ፊርማ የኔ ብቻ ነው። ሰናይት፣ ይሄንን ላንቺ መጥቼ ባሳውቅ፣ ያንቺን ደሞዝ የሚከፍለው፣ ቢሮ የሰጠሽ ማን ነው?

ሰናይት፦
መሥሪያ ቤቱ ነው። አልዋሽሽም። ግን የጠቋሚዎችና የምስክሮች ጥበቃ አዋጅ 699/2003 አለ። በስልክ የመጣ ትእዛዝን «በስልክ በተነገረኝ መሠረት» ብለሽ ቀንና ሰዓት ጽፈሽ ፋይሉ ላይ ማያያዝ ትችያለሽ። ይሄን በስልጠናው አልነገሯችሁም?

ወለላ፦
አልነገሩንም። የመርሆዎቹን ትርጉም ነው ያስተማሩን።

ጋሼ ታደለ፦
ይሄኛው ስልጠና ነው። በኛ ጊዜ አንድ አለቃ ነበረኝ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በቃል የታዘዘ ሁሉ በማስታወሻ ይረጋገጥ ይል ነበር። ሰው አይወደውም ነበር።

መምህር አስናቀ ከደሴ፦
እኔ የማይገባኝ ለወረዳ ሠራተኛ ሁሌ ሰበብ መፈለጋችሁ ነው። ደሞዝ አነሰ ይባላል። መስከረም 2018 ላይ ዝቅተኛው ደሞዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር፣ በዲግሪ የሚጀምር ደግሞ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። መምህሩም የሚኖረው በዚሁ ገበያ ነው። ጠመኔ ሸጦ የሚበላ መምህር የለም። ረሃብ ሌባ አያደርግም።

ወለላ፦
መምህር፣ ስለ ደሞዝ የጻፈ ማን ነው? እኔ ስለ ስልክ ነው ያወራሁት። ግን ካነሱት አይቀር፣ 6,000 ብር አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ ክፍል ኪራይ ከፍሎ ምን እንደሚተርፍ ይንገሩኝ። ሌባ ማለትዎን ደግሞ ይመልሱልኝ።

መምህር አስናቀ ከደሴ፦
አንቺን አላልኩም እህቴ። ያለሁት ስርዓቱን ነው። አገሩ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እያለ ልጅ ያሳድጋል። በሦስት ቀን አዳራሽ ይሄ አይነቀልም። ከአንደኛ ክፍል ነው መጀመር ያለበት።

ሚኪ መርካቶ፦
የአንደኛ ክፍል ተማሪው አድጎ ፈቃዴን እስኪያድስልኝ ልጠብቅ?

ሕሊና፦
የወለላን ነገር አትለፉት እባካችሁ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ የሚሠራ ነገር እሱ ብቻ ነው። የቃል ትእዛዝ በጽሑፍ ካልተረጋገጠ አይፈጸምም የሚል መመሪያ ከላይ ይውጣ። ስልጠናውም መጀመሪያ ስልክ ለሚደውሉት ይሰጥ።

ሰናይት፦
ሕሊና፣ ለሚደውሉትም ይሰጣል። ጥሪ ይላክላቸዋል። መክፈቻ ንግግር አድርገው ስብሰባ አለብን ብለው ይወጣሉ። አዳራሹ ውስጥ የሚቀረው ወለላ ነች። ይሄ እኔንም ያቃጥለኛል። ቢሆንም ስልጠናው ይቅር ማለት ወለላን ከነጭራሹ ብቻዋን መተው ነው። የምከራከረው ለዚህ ነው።

ዳግም ከኮልፌ፦
ይቅር አላልኩም። መስኮት ተዘግቶ አይሁን፣ «ስለማያውቁ ነው» ተብሎም አይነገረን ነው ያልኩት። ያን ቃል እስካሁን አልሳብሽውም። ስልጠናው ቅዳሜ ይሁን። ባለጉዳይ ለምን ይጉላላል?

ወለላ፦
ቅዳሜ? ቅዳሜ ግማሽ ቀን እየሠራን ነው በብዙ ወረዳ። ልጆች አሉን ዳግም።

ዳግም ከኮልፌ፦
እኔም ልጆች አሉኝ። ሰኞ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ነው የመጣሁት፣ በር ተዘግቶ ነው የተመለስኩት።

ወለላ፦
በሩን የዘጋሁት እኔ አይደለሁም። ማኅተሙ የማን እንደሆነ እይ።

መምህር አስናቀ ከደሴ፦
ቅዳሜ ያለ ውሎ አበል ጥሩት። ስንት ሰው እንደሚመጣ እናያለን።

ወለላ፦
መምህር፣ እርስዎ ክረምት ላይ ለስልጠና ሲጠሩ አበል አልወሰዱም?