አይፓዱ የአፕል ምልክቱ ላይ ቆሞ ቀረ፤ ፎቶዎቹ ሳይጠፉ በኮምፒውተር ማስነሳት ይቻላል?

የሶልያና እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ ትናንት ማታ አይፓዱን አፕዴት አስጀምራ ተኛች። ጠዋት ስንነሳ የአፕል ምልክቱ ላይ ቆሟል። ከሥሩ ያለው መስመር ሲሶ ያህል ሞልቶ ወይ ፍንክች ብሏል። 9ኛው ትውልድ ነው፣ 64 ጊጋ፤ ከጀርባው ኤ2602 ይላል። እህቴ ናት ከአሜሪካ የላከችልኝ። አንድ ሱቅ ወስጄው «ፍላሽ ይደረጋል፣ ውስጡ ያለው ግን ሙልጭ ብሎ ይጠፋል» አሉኝ። የአባቴ የመጨረሻ ፎቶዎች እዚያ ውስጥ ናቸው። ባክአፕ የሚባል ነገር አድርጌ አላውቅም። ቤት ዊንዶውስ 10 ላፕቶፕ አለ፤ ኢንተርኔቱ የስልክ ዳታ ነው። ምን ይሻለኛል?

ቢኒ ዘ ሜክሲኮ፦
መጀመሪያ ቀላሉን ሞክሪ። የመሃሉን ክብ ቁልፍና ከላይ ያለውን ማብሪያ አንድ ላይ ተጭነሽ ያዢ። ጠፍቶ የአፕል ምልክቱ ሲመጣ ልቀቂ። አንዳንዴ በዚሁ ይነሳል።

የሶልያና እናት፦
ሞከርኩ። ያው እዚያው ነው።

ሽቦ ጠጋኝ፦
እህቴ፣ ፍላሽ እንዳታስደርጊ፤ ገና ነው። አይፓዱ 64 ጊጋ ከሆነና ሞልቶ ከነበረ፣ አፕዴቱ ቦታ አጥቶ ሊሆን ይችላል። በኮምፒውተር ሲሆን ፋይሉ የሚወርደው ላፕቶፑ ላይ ስለሆነ አይፓዱ ላይ ብዙ ቦታ አይጠይቅም።

ላፕቶፑ ላይ አይቲዩንስን ወይም «አፕል ዲቫይስስ» የሚባለውን የአፕል ፕሮግራም ከማይክሮሶፍት ስቶር ጫኚ። አይፓዱን በኬብል ሰኪና ቅድም ያልናቸውን ሁለት ቁልፎች ያዢ። የአፕል ምልክቱ ሲመጣ እንዳትለቂ! ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ኬብልና ኮምፒውተር የተሳለበት ስክሪን እስኪመጣ ያዢ። ከዚያ ላፕቶፑ ሁለት ምርጫ ይሰጥሻል፣ «አፕዴት» እና «ሪስቶር»። አፕዴትን ንኪ። እሱ ሶፍትዌሩን እንደገና ይጭናል፣ ውስጡ ያለውን ላለመንካት ይሞክራል። ይሞክራል ነው ያልኩት፣ ማረጋገጫ አልሰጥሽም። ሪስቶር ግን ሁሉንም ነው የሚጠርገው።

ጡረተኛው፦
አዲሱ ስሪት ከሆነ ያስቸገረው ለምን ወደ ቀድሞው አይመለስም? ድሮ ኮምፒውተር ስንጠግን እንደዚያ ነበር የምናደርገው።

ሽቦ ጠጋኝ፦
ጋሼ፣ አፕል ላይ አይሰራም። ሲጫን ከአፕል ሰርቨር ፈቃድ ይጠየቃል። ለአሮጌው ፈቃድ መስጠት ካቆሙ ፋይሉ በእጅዎ ቢኖርም አይጫንም።

ሀና ቨርጂኒያ፦
አንድ ነገር ልጨምር። እህትሽ በራሷ አፕል አይዲ፣ ማለትም በራሷ የአፕል አካውንት ከፍታው ከሆነ ሪስቶር ከተደረገ በኋላ የእሷን ኢሜልና ፓስወርድ ሊጠይቅ ይችላል። እኔ ለእናቴ ልኬ ለሦስት ሳምንት እንደ መክተፊያ ነው የተቀመጠው። ከወዲሁ ደውይላት።

የሶልያና እናት፦
አፕዴትን ነካሁ። ማውረድ ጀመረ፣ ከ5 ጊጋ በላይ ነው። 20 በመቶ ላይ ሲደርስ አይፓዱ በራሱ ከዚያ ስክሪን ወጣና ተመልሶ የአፕል ምልክቱ ላይ ቆመ። አበላሸሁት እንዴ?

ሽቦ ጠጋኝ፦
ምንም አላበላሸሽም። ማውረዱ ከ15 ደቂቃ ካለፈ አይፓዱ ከዚያ ስክሪን ይወጣል። በእኛ ኢንተርኔት ማን በ15 ደቂቃ 5 ጊጋ ያወርዳል? ተዪው፣ ማታ ላይ ወርዶ ይለቅ። ላፕቶፑ እንዳይተኛ ብቻ አድርጊ። ሲያልቅ አይፓዱን ወደዚያ ስክሪን መልሺና እንደገና አፕዴት በይ። የወረደው ስላለ ሁለተኛ አይወርድም።

የሶልያና እናት፦
ሌሊቱን ወርዶ አለቀ። አሁን ደግሞ ግማሽ ላይ ደርሶ 4013 የሚል ስህተት ጻፈ። ከአይፓዱ ጋር የመጣው ኬብል ጫፉ ታይፕ ሲ ስለሆነ ላፕቶፔ ላይ አይገባም፤ ሌላ ከሰፈር ሱቅ ገዝቼ ነው የሰካሁት።

ቢኒ ዘ ሜክሲኮ፦
4013 መሃል ላይ ግንኙነቱ ተቋረጠ ማለት ነው። ኬብሉን ጠርጥሪ። ርካሹ ቻርጅ ያደርግልሻል፣ ዳታ ላይ ግን ያንገላታል። ከሰው ኦርጅናል ተዋሺ። የዩኤስቢ ማከፋፈያ ካለ አውጪው፣ በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ሰኪ። በሌላኛው ቀዳዳም ሞክሪ።

የሶልያና እናት፦
ተነሳ!!! የጎረቤቴን ኬብል ተውሼ ነው። መስመሩ ሁለት ጊዜ ከዜሮ ጀምሮ ሞላ፣ እኔም ሁለት ጊዜ ሞትኩ። ከዚያ የሶልያና ፓስኮድ ሲጠይቀኝ ጮህኩ። ፎቶዎቹ አሉ። ጎረቤቴን ኬብሉን ዛሬ አልመልስም ብያታለሁ፤ ወደ ላፕቶፑ እየገለበጥኩ ነው። 2,300 ምናምን ፎቶ ነው፣ ግማሹ የድመታችን።