ካርታው ላይ ያለችው ኤክስ ምንድን ናት?

የለገጣፎው ፀጉር ቆራጭ፦
ሰላም ቤተሰብ። ለገጣፎ ትንሽ ፀጉር ቤት አለችኝ። የእህቴ ልጅ ጊዜው ያለፈበት የአውሮፕላን መንገድ ካርታ አምጥቶልኝ መስታወቱ አጠገብ ለጠፍኩት። ያምራል። ችግሩ፣ ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ይጠይቀኛል። እኔ ደግሞ አላውቅም ማለት አይሆንልኝም።

አንዱ መስመር ሁለት ስም አለው። ላይ «ጂ» ከነቁጥሩ፣ ከሥሩ ያው ቁጥር «ዩጂ» ተብሎ። ሌላ መስመር መሀል ላይ ስም የሌላት ትንሽ ኤክስ አለች። አንዳንዱ ቁጥር ደግሞ መጨረሻው ላይ «ቲ» ተጽፎበታል። ኤክሷን «አውሮፕላን የወደቀበት ቦታ ናት» እያልኩ ከርሜያለሁ። ልክ ነኝ?

ጡረተኛው ዲስፓቸር (የበረራ ዕቅድ አውጪ)፦
ኧረ በፈጠረህ! ኤክሷ ማንንም አልገደለችም። መስመሩ የሚታጠፍባት ወይም ርቀቱ ተቆርጦ የሚቆጠርባት ነጥብ ናት። ከወዲህና ከወዲያ ያሉትን ትንንሽ ቁጥሮች እያቸው። በኖቲካል ማይል የተጻፈ ርቀት ነው፤ አንዱ 1.852 ኪሎ ሜትር። አብራሪው እዚያ ሲደርስ ሪፖርት አያደርግም። የግድ ሪፖርት የሚያደርገው ጥቁር የተሞላው ሦስት ማዕዘን ጋ ነው። ባዶው ሦስት ማዕዘን ጋ ተቆጣጣሪው ከጠየቀው ብቻ።

«ዩ» ማለት የላይኛው የአየር ክልል ነው። መንገዱ አንድ ነው፤ ዝቅ ብሎ የሚበረው «ጂ» ይለዋል፣ ከፍ ብሎ የሚበረው «ዩጂ»። በነገራችን ላይ፣ መረጃው በየ28 ቀኑ ስለሚታደስ የእህትህ ልጅ ሌላም ያመጣልሃል።

ከሱሉልታ፦
እንጦጦን በየቀኑ የማቋርጥ ሰው ስለሆንኩ «ቲ»ዋን ለእኔ ተዉልኝ። ካርታህ የጀፕሰን (የበረራ ካርታ አሳታሚው) ከሆነ፣ «ቲ» ያለበት ቁጥር በዚያ መንገድ ላይ ከተራራ ጋር የማያጋጭህ ዝቅተኛ ከፍታ ነው፤ በጫማ። ግን አውሮፕላኑን መንገድ የሚመራው የሬዲዮ ጣቢያ ከራቀ ምልክቱን ላትይዝ ትችላለህ። መንገዱ ላይ ምንም ፊደል ያልተከተለው የከፍታ ቁጥር ምልክቱንም ያካትታል።

አራት ማዕዘኖቹ ውስጥ ያሉትን ትልልቅ ቁጥሮችም እይ፤ እዚያ ውስጥ ካለው ከፍተኛ ቦታ በላይ የሚያሳልፍህ ከፍታ ነው። መሬቱ ከ5,000 ጫማ ሲያልፍ 2,000 ጫማ ይጨመርበታል። እንጦጦ 3,200 ሜትር ገደማ ነው፤ ወደ 10,500 ጫማ መሆኑ ነው። ስለዚህ የእኛ ሰፈር ቁጥር ከ12,500 ብዙም አይወርድም።

የለገጣፎው ፀጉር ቆራጭ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የ«ዩ»ዋንና የ«ቲ»ዋን ዛሬውኑ አወራለሁ። ኤክሷ ግን ጣጣ ናት። ባለፈው ሁለት የታክሲ ሾፌሮች አይተዋት «ነፍስ ይማር» ብለው ነው የወጡት። ቅዳሜ ይመጣሉ። ምን ልበላቸው?