ጥቆማ፦ የፓይተን ዳታችሁን በምን ሴቭ ታደርጋላችሁ? ጄሰን፣ ፒክል ወይስ ኤስኪውላይት

«ፕሮግራሙን ስዘጋው ያስገባሁት ሁሉ ይጠፋል፤ ፋይል ላይ በምን ላስቀምጠው?» የሚለውን ፓይተን የጀመረ ሁሉ ይጠይቃል። የዕቁብ መዝገብ እየሠራችሁ ነው እንበል፦ የአባላት ስም፣ የከፈሉት ብር፣ ዕጣ የወጣለት ሰው። ጄሰን (ዳታን እንደ ተራ ጽሑፍ የሚያስቀምጥ)፣ ፒክል (የፓይተን ኦብጀክትን ወደ ባይት ቀይሮ የሚያስቀምጥ) እና ኤስኪውላይት (ትንሽ ዳታቤዝ) ሦስቱም ከፓይተን ጋር አብረው ስለሚመጡ የምትጭኑት ነገር የለም።

የእኔ ምርጫ ጄሰን ነው። ፋይሉን በኖትፓድ ከፍታችሁ ታነቡታላችሁ። የተበላሸ ነገር ካለ በዓይን ይታያል። ነገ በጃቫስክሪፕት ብትሠሩም ያው ፋይል ያገለግላል። ለአማርኛ ግን አንድ ማስተካከያ አለው። ዝም ብላችሁ ሴቭ ካደረጋችሁት በስሙ ፈንታ ባክስላሽ፣ ዩ እና ቁጥር ተደርድሮ ታገኛላችሁ። አትደንግጡ፣ ዳታው አልጠፋም፤ ተመልሶ ሲነበብ ፊደሉ ልክ ይመጣል። ግን ለሰው አይነበብም፣ ቦታም ይበላል። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 (ፊደላትን ወደ ባይት በሚቀይረው የተለመደ ኢንኮዲንግ) ሲጻፍ 3 ባይት ይይዛል፤ በዚህኛው መንገድ 6። ስለዚህ በጄሰን መጻፊያ ትእዛዙ (json.dump) ውስጥ «ኢንሹር አስኪ» (ensure_ascii) የሚለውን ፎልስ አድርጉት፤ ፋይሉን ስትከፍቱም ኢንኮዲንጉ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን ጻፉ። ይህችን ሁለተኛዋን ዊንዶውስ ላይ ከዘነጋችኋት ፕሮግራሙ የመጀመሪያው የአማርኛ ፊደል ላይ ኤረር ሰጥቶ ሊቆም ይችላል።

ጄሰን ጣጣም አለው። ቀን አያውቅም፤ ወደ ጽሑፍ ቀይራችሁ ነው የምትሰጡት። የአባሉን ቁጥር የዲክሽነሪ ቁልፍ ካደረጋችሁት ደግሞ ቁጥር ሆኖ የሄደው 7 ጽሑፍ ሆኖ ይመለሳል። ከዚያ አባል 7 የለም ሲላችሁ ፀጉር ያስነጫል።

ፒክል ይህ ሁሉ የለበትም። የራሳችሁን ክላስ ኦብጀክት እንዳለ ይወስዳል፣ እንዳለ ይመልሳል፤ ያውም በሁለት መስመር ኮድ። ጀማሪ ቢወደው አይገርምም። ግን የክላሱን ስም ከቀየራችሁ ወይም ወደ ሌላ ፋይል ካዛወራችሁት የድሮው ዳታ አልከፈትም ይላል። የባሰው ደኅንነቱ ነው። የፒክል ፋይል ሲጫን ውስጡ የተደበቀ ትእዛዝ ኮምፒውተራችሁ ላይ ሊሠራ ይችላል። የማታምኑትን አትክፈቱ ብሎ የሚያስጠነቅቀው የፓይተን ማኑዋል ራሱ ነው። እና ቴሌግራም ላይ የተላከላችሁን ፒክል ባትነኩት ይሻላል። ማይክሮሶፍትም ባይነሪ ፎርማተር የሚባለውን የዚሁ ዓይነት መሣሪያ በዚሁ ምክንያት በ2024 ከወጣው ዶትኔት 9 (የማይክሮሶፍት የፕሮግራም መሥሪያ) አስወጥቶታል። ፒክልን የረጅም ስሌት ውጤት ለራሳችሁ ለማቆየት ብቻ ተጠቀሙበት።

አባላቱ በዝተው «በዚህ ወር ያልከፈለ ማነው?» ማለት ስትጀምሩ ወደ ኤስኪውላይት እለፉ። ያለ ሰርቨር ይሠራል፣ ሁሉም ነገር አንድ ፋይል ውስጥ ነው። እየጻፈ ሳለ መብራት ቢጠፋ እንኳ ያላለቀውን ትቶ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ጄሰን ግን በየለውጡ ሙሉ ፋይሉን እንደ አዲስ ስለሚጽፍ መሀል ላይ መብራት ከሄደ ግማሽ መዝገብ ነው የሚተርፋችሁ። ጄሰን ይበቃኛል ካላችሁ መጀመሪያ በሌላ ስም ጻፉት፤ ተጽፎ ሲያልቅ ብቻ በፓይተኑ «ኦኤስ ሪፕሌስ» (os.replace) ትእዛዝ የድሮውን ይተካ።