ቪክራም ሴዝ፦ ትርጉም ለደራሲነቱ ምን አበረከተ?

ጥያቄ፦ ሕንዳዊው ቪክራም ሴዝ ገጣሚ፣ ልብ ወለድ ደራሲና የቻይና ግጥም ተርጓሚ ቢሆንም፣ ብዙ አንባቢ የሚያውቀው እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተመው ግዙፍ ልብ ወለዱ ነው። ትርጉም ለእርሱ የጎን ሥራ ነበር ወይስ መሠረት?

መልስ 1፦ እኔ መሠረት ነው እላለሁ። በስታንፎርድ የምጣኔ ሀብት የዶክትሬት ተማሪ ሳለ ለጥናት ቻይና ውስጥ ወዳለው ናንጂንግ ዩኒቨርሲቲ ሄደ፤ ዶክትሬቱን ባይጨርስም፣ ከዚያ በሺንጂያንግና በቲቤት አቋርጦ ወደ ሕንድ ያደረገው ጉዞ በ1983 የታተመውን የጉዞ መጽሐፉን አስገኘ። በ1992 ደግሞ የጥንታዊዎቹን የቻይና ገጣሚዎች የዋንግ ዌይን፣ የሊ ባይንና የዱ ፉን ግጥሞች ተርጉሞ አሳተመ።

መልስ 2፦ በከፊል እስማማለሁ። በ1986 የወጣው በግጥም የተጻፈ ልብ ወለዱ ግን ባለውለታው ሩሲያዊው ገጣሚ ፑሽኪን እንጂ ቻይና አይደለችም። ሆኖም መነሻ የሆነው በግጥም የተጻፈው የፑሽኪን ልብ ወለድ የ«ዩጂን ኦኔጊን» የእንግሊዝኛ ትርጉም ስለነበር፣ ነገሩ ዞሮ ዞሮ ወደ ትርጉም ይመለሳል።

መልስ 3፦ ሴዝ ከተረጎማቸው አንዱን የዋንግ ዌይን ባለአራት ስንኝ ግጥም ተመልከቱ፤ በየስንኙ አምስት፣ በጠቅላላው ሃያ ፊደል ብቻ ነው። ተራራው ባዶ ነው፣ ሰው አይታይም፣ ድምፅ ብቻ ይሰማል፤ የሚያየው ማን እንደሆነ ግን አይነገርም። ብዙ ተርጓሚዎች ቤት መምታቱን ሲተዉት ሴዝ አልተወውም፤ በእኔ ግምት ገጣሚነቱ ጎልቶ የሚታየው እዚህ ላይ ነው።