የዋንዛ በርጩማ ተሰነጠቀብኝ፤ እስከ ሐሙስ ምን ላድርግ?

ጠያቂ፦ ለእህቴ ስጦታ ብዬ ባለፈው ሳምንት እዚሁ ጅማ ከአንድ የዕደ ጥበብ መሸጫ አራት ባለ ሦስት እግር በርጩማዎች ገዛሁ። ዛሬ ጠዋት ሁለቱ ከመቀመጫቸው መሐል እስከ እግራቸው ሥር ተሰንጥቀው አገኘኋቸው። እህቴ ሐሙስ ወደምትኖርበት አገር ትመለሳለች። ባለሱቁ ጥፋቱ የጠራቢው ስለሆነ ከእሱ ሒሳብ ቀንሶ ገንዘቤን እንደሚመልስልኝ ነግሮኛል። ስንጥቁን የሚደፍን ነገር ወይም በሁለት ቀን ሌላ የሚሠራ ሰው የምታውቁ እባካችሁ ፈጥናችሁ ንገሩኝ።

አባል 1፦ ሰጋቱራውን ከእንጨት ኮላ ጋር ለውሰው ይድፈኑት፤ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ይሹት።

አባል 2፦ ወንድሜ፣ አሁን ቢደፍኑት ነገ ከጎኑ ይሰነጠቃል። በርጩማው ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣ እንጂ ተገጣጥሞ የሚሠራ አይደለም። እንጨት ሲደርቅ ደግሞ በዙሪያው የሚኮማተረው ከመሐሉ ወደ ውጭ ከሚኮማተረው እጥፍ ያህል ስለሆነ፣ የግንዱ እምብርት ያለበት እርጥብ ሥራ ፈጥኖ ከደረቀ መሰንጠቁ አይቀርም። የት ነበር ያስቀመጡት?

ጠያቂ፦ በረንዳ ላይ፣ ፀሐይ በሚያገኘው በኩል።

አባል 3፦ እንግዲያው ገንዘቡ ከጠራቢው የሚቀነሰው በምን ጥፋቱ ነው? እኔ ይህን ሥራ ከልጅነቴ ጀምሮ በቅርብ አይቻለሁ። ጠራቢው እንጨቱን በጥላ እንዲያቆየው የሚያስችል ቀብድ የሚሰጠው ስለሌለ፣ የዕለት ጉርሱን ለማግኘት እርጥቡን ጠርቦ ይሸጣል፤ ሲሰነጠቅ ግን ኪሳራው ወደ እሱ ይመለሳል። የዓለም ፍትሐዊ ንግድ ድርጅት (አምራቾች ለሥራቸው ተገቢ ክፍያ እንዲያገኙ የሚሠራ ማኅበር) መርሆዎች፣ የዕደ ጥበብ ገዢ አምራቹ ከጠየቀው ቢያንስ 50 በመቶውን ያለ ወለድ አስቀድሞ እንዲከፍል የሚጠይቁት ለዚህ ነው። እባክዎ ያንን ገንዘብ አይቀበሉ።

አባል 4፦ በቡና ላይ የምናየው የፍትሐዊ ንግድ ምልክት ያለበትን ዕቃ ቢገዙ ይህ ሁሉ አይደርስም ነበር።

አባል 3፦ ያ ምልክት በአብዛኛው የሚሰጠው ለእርሻ ምርት ነው። በበርጩማ ላይ ከመፈለግ ይልቅ ማን እንደጠረበው፣ ስንት እንደተከፈለውና እንጨቱ ከየት እንደተቆረጠ መጠየቅ ይበልጣል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛን ከመንግሥት ደን መቁረጥ ከልክሎ ነበር፤ አዋጁ በ1999 ዓ.ም. በሌላ ተተክቷል፤ ገበሬ በቡና ማሳው ለጥላ ካሳደገው ዛፍ የተገኘ ከሆነ ግን ጠራቢው ባለቤቱን ሊነግርዎት ይችላል።

አባል 5፦ ኮላና ሰጋቱራ ፍቱን ነው፤ እኔም ሞክሬዋለሁ።

አባል 2፦ የደረቀ እንጨት ላይ አዎ። ለእርስዎ የምመክረው ግን ይህ ነው፦ በሁለት ቀን የሚጠረብ እርጥብ ስለሚሆን አዲስ አያሠሩ። ደህናዎቹን ሁለቱን በጋዜጣና በጨርቅ ጠቅልለው ለእህትዎ ይስጡ፤ እዚያም ከማሞቂያ አጠገብ እንዳታስቀምጣቸው ይንገሯት። የተሰነጠቁት ነፋስ በማይመታው ጥላ ወራት ይቆዩ፤ ስንጥቁ መስፋቱን ሲያቆም ያን ጊዜ በኮላ ይደፈናሉ። የቀሩትን ሁለት ደግሞ ጠራቢውን ራሱን አግኝተው፣ ግማሹን ከፍለው፣ ለሚቀጥለው ጉዞዋ ይዘዙለት።

አባል 3፦ ጠያቂ ሆይ፣ ባለሱቁን አነጋገሩት? የጠራቢው ሒሳብ ተቀነሰ ወይስ ቀረ?